አንድ ጣሳ፣ ብዙ ዓይነት ፔሌት፦ የአመራረት ልዩነት ምትን እንዴት እንደሚበትን የመፈተሽ ሥራ ማስታወሻ

የሥራው ጥያቄ

የ10 ሜትር ውድድር ጠመንጃ በሞርሳ ታስሮ፣ የሰው እጅም ዓይንም ከነገሩ ወጥቶ፣ ከአንድ ጣሳ የወጡ ፔሌቶች ሲተኮሱ ምቶቹ አንድ ቀዳዳ ውስጥ አይገቡም። ጥሩ ጠመንጃ የሚጨምረው ስህተት ትንሽ ነው፤ የቀረው ከፔሌቱ ይመጣል። ይህ ማስታወሻ የፔሌቱ ድርሻ ከየትኛው ጉድለት እንደሚመነጭ ደረጃ በደረጃ የተለየበትን ሥራ ይመዘግባል። ብዙ ተኳሽ ምሽቱን የሚያጠፋው ሚዛን ላይ ነው፤ ክብደት ለመለካት ቀላል ስለሆነ። ስሌቱና ተኩሱ ያሳዩት ግን ዋናው ጠላት ክብደቱ ራሱ ሳይሆን ክብደቱ ከመሐል መስመር መውጣቱ መሆኑን ነው።

ለአዲስ አንባቢ፦ ፔሌት ከለስላሳ እርሳስ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ጥይት ነው። ሦስት ክፍል አለው። ከፊት ያለው ራስ (ጭንቅላቱ) በርሜሉ ውስጥ ጥይቱን መሐል ላይ ይይዛል፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ከኋላ ያለው ክፍት ቀሚስ ደግሞ በአየሩ ግፊት ተለጥጦ የበርሜሉን ግድግዳ ይዘጋል። ቀሚሱ ባዶ ስለሆነ የክብደቱ ማዕከል ወደ ራሱ ያደላል። ይህ ከታች ደጋግሞ ይመጣል።

ልዩነቱ የሚገባው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እርሳሱ በግፊት እንደ ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦው በእኩል ርዝመት ይቆረጣል፤ ቁራጩ ሻጋታ ውስጥ ተጨምቆ ቅርጹን ይይዛል፤ የቀሚሱን ጉድጓድ ከኋላ የሚገባ መውጊያ ብረት ያወጣዋል። ሽቦው ትንሽ አጥሮ ቢቆረጥ ክብደት ይቀንሳል። ሻጋታው ሲያረጅ የፔሌቱ ራስ ይሰፋል። መውጊያው ከመሐል ትንሽ ከሸሸ የቀሚሱ ግድግዳ በአንድ ጎን ወፍሮ በሌላው ይሳሳል። እርሳሱ ውስጥ ያለው አንቲሞኒ (እርሳስን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር) ከዙር ዙር ከተለያየ ጥንካሬው ይለያያል፤ ጥንካሬው ሲለያይ ደግሞ ቀሚሱ በርሜል ውስጥ እኩል አይለጠጥም። በመጨረሻም ከተለያዩ ሻጋታዎች የወጡ ፔሌቶች አንድ ጣሳ ውስጥ ይደባለቃሉ። ርካሽ ጣሳ ከውድ ጣሳ በዋናነት የሚለየው በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ይመስለናል።

መለኪያችን የ10 ሜትር ኢላማ ነው። የጠመንጃው ኢላማ የ10 ነጥብ ክብ 0.5 ሚሜ ስፋት ያላት ነጥብ ናት። በአሥርዮሽ አቆጣጠር 10.9 ለማግኘት የፔሌቱ መሐል ከኢላማው መሐል ከ0.25 ሚሜ በላይ መራቅ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ በየ0.25 ሚሜው 0.1 ነጥብ ይቀነሳል፤ 2.5 ሚሜ ሲርቅ 10.0 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማንኛውም ስህተት በ0.25 ሚሜ ተካፍሎ ይታያል።

ዕቃ

ሥራው ላይ ያሉት ፔሌቶች ሦስት ናቸው፤ ሁሉም 4.5 ሚሜ፣ ጠፍጣፋ ራስ። አርደብሊውኤስ አር 10 ማች 0.53 ግራም፣ ኤች ኤንድ ኤን ፊናሌ ማች የጠመንጃ 0.53 ግራም፣ እና ለልምምድ የሚሸጥ ርካሽ ጣሳ። ጠፍጣፋ ራስ የተመረጠው ወረቀት ላይ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ስለሚቆርጥ ነው፤ የ10 ሜትር ተኳሾች የሚጠቀሙበትም ለዚሁ ነው። ለ50 ሜትር ማነጻጸሪያ ክብ ራስ ያለው ጄኤስቢ ኤግዛክት 0.547 ግራም ተጨምሯል።

ሚዛኑ 0.001 ግራም የሚያነብ መሆን አለበት። በገበያ የሚገኙት ብዙ የኪስ ሚዛኖች 0.01 ግራም ያነባሉ፤ በ0.53 ግራም ፔሌት ላይ ይህ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ደረጃ ስለሆነ ምንም አይለይም። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው፦ በ0.01 ሚሜ ልዩነት የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉት የራስ መለኪያ ሳህን፣ 30 በ30 ሴ.ሜ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ውሃ ልክ፣ ሚሊሜትር ወረቀት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረንጦ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የስፖንጅ ትሪ፣ የፍጥነት መለኪያ፣ ከባድ ሞርሳ እና የእያንዳንዱን ምት ቦታ በቁጥር የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክ ኢላማ።

ኤሌክትሮኒክ ኢላማው ቅንጦት አይደለም። ጠመንጃው ከታሰረ ምቶቹ በአንድ ቀዳዳ ላይ ስለሚደራረቡ ከወረቀት ላይ የትኛው ምት የት እንደገባ ማንበብ አይቻልም። ኢላማው ከሌለ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚሳብ ረጅም የወረቀት ጥቅል ያስፈልጋል።

እርሳስ መርዝ ስለሆነ ጓንት ይደረጋል፣ ሥራው ምግብ ከሚበላበት ጠረጴዛ ይርቃል፣ ያለቀበት የማጠቢያ ውሃም ወደ ወጥ ቤት ሲንክ አይደፋም። ጠመንጃው ከጎኑ ሰው ሲሠራ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ በርሜሉ ውስጥ የደኅንነት ገመድ ይገባል።

ጣሳውን መክፈትና ማጠብ

ጣሳውን ከመክፈት በፊት ጀርባው ላይ ያለው ሎት ቁጥር (የአንድ የምርት ዙር መለያ) ይመዘገባል። ስሙ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ የራሱ ስፋትም አንድ ሆኖ ሎቱ ከተለየ ፔሌቱ ሌላ ፔሌት ነው፤ የዚህ ሥራ ውጤት ሁሉ የሚሠራው ለተጻፈው ሎት ብቻ ነው።

ፔሌቶቹን ከጣሳ ወደ ጣሳ መገልበጥ የለም። ለስላሳው ቀሚስ በራሱ ክብደት እየተጋጨ ይሰረጉዳል። ጣሳው በጎኑ ተጋድሞ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። አንዳንድ የውድድር ፔሌቶች እያንዳንዳቸው በስፖንጅ ጉድጓድ ተቀምጠው የሚሸጡበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ርካሹ ጣሳ ሥር ጥቁር ዱቄትና ቀጭን የእርሳስ ፍርፋሪ ተገኝቷል። ፍርፋሪው ከቁርጡና ከሻጋታው ጠርዝ የተረፈ ነው፤ ቀሚሱ ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀርም አለ። ይህ ሁለት ጉዳት አለው፦ ሚዛኑን ያሳስታል፤ ከፔሌቱ ጋር ሲተኮስም ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ያደላዋል።

አጠባቡ ይህ ነው። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፣ ፔሌቶቹ በፕላስቲክ ወንፊት ሆነው ይነከራሉ፣ ወንፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ማሸት የለም፣ ማናወጥ የለም። በንጹሕ ውሃ ሁለቴ ይለቀለቃሉ። ከዚያ በጨርቅ ላይ ተበትነው ሙሉ በሙሉ ይደርቃሉ። ቀሚሱ ውስጥ የቀረች ትንሽ የውሃ ጠብታ በርካታ ሚሊግራም ትመዝናለች፤ ስለዚህ ቀሚሱ ወደ ታች ሆኖ ይደርቅ።

የታጠበ እርሳስ ያለ ቅባት ከቀረ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ በርሜሉንም በእርሳስ ይለብጣል። ከምዘና በኋላ፣ በፊት አይደለም፣ ስፖንጅ ላይ በጣም ትንሽ ቀላል ዘይት ይነካና ፔሌቶቹ በላዩ ላይ ይንከባለላሉ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቅባቱ ሲቀየር በርሜሉ አዲሱን ቅባት እስኪለምድ ፍጥነቱ ይዋልላል። ከታጠበ ፔሌት ጋር ያልታጠበ ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው በመካከል ጥቂት አሥር ጥይቶችን ሳይቆጥር መተኮስ አለበት።

ምዘና

ሚዛኑ ከበራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሞቃል። በመፈተሻ ክብደት ይስተካከላል። መስኮት ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል። ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን የሰው ትንፋሽ ይሰማዋል። በየ20 ፔሌቱ ዜሮው ይታያል፤ ከ1 ሚሊግራም በላይ ከሸሸ የመጨረሻዎቹ 20 እንደገና ይመዘናሉ። ይህን የሚዘል ሰው የሚዛኑን መንሸራተት የፔሌት ልዩነት አድርጎ ይመዘግባል፤ በዚህ ደረጃ ላይ የሚበዛው ስህተት እሱ ነው።

እያንዳንዱ ንባብ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በአንድ ነጥብ ይቀመጣል፤ አግድሙ ክብደት በ1 ሚሊግራም ደረጃ፣ ነጥቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ይቆለላሉ። ቅርጹ ከአማካዩ የበለጠ ይናገራል። ሁለቱ የውድድር ፔሌቶች አንድ ቀጭን ጉብታ ሠሩ። ርካሹ ጣሳ ሰፋ ያለ ጉብታና ከጎኑ፣ ክብደቱ በሚቀልበት በኩል፣ ሁለተኛ ትንሽ ጉብታ አወጣ። ሁለት ጉብታ ማለት ሁለት ሻጋታ፣ ወይም ሁለት የመቁረጫ አቀማመጥ አንድ ጣሳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከሁለቱም ጉብታዎች ውጭ ለብቻቸው ርቀው የተቀመጡ ጥቂት ነጥቦችም ነበሩ። እነዚህ ለብቻ ትሪ ተቀመጡ።

አሁን ስሌቱ። በ172 ሜትር በሰከንድ የሚወጣ ጠፍጣፋ ራስ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 18 ሚሜ ይወርዳል። የሚገፋው ጉልበት እኩል ከሆነ፣ ክብደት 1 በመቶ ሲጨምር ፍጥነት በግማሽ በመቶ ይቀንሳል፤ ፍጥነት በግማሽ በመቶ ሲቀንስ ውድቀቱ በ1 በመቶ ይጨምራል። 5 ሚሊግራም ከ530 ሚሊግራም 0.94 በመቶ ነው፤ ከ18 ሚሜ ላይ 0.17 ሚሜ ይሆናል። ከ0.1 ነጥብ ያንሳል። 1 ሚሊግራም ደግሞ ወደ 0.03 ሚሜ ነው፤ ምንም ማለት አይደለም።

በፍጥነት መለኪያው በኩልም ይኸው ይታያል። የ1 ሜትር በሰከንድ ልዩነት 10 ሜትር ላይ 0.2 ሚሜ ብቻ ያወጣል። የጠመንጃው የአየር መቆጣጠሪያ ራሱ ከዚህ ያልተናነሰ የሚዋልል ከሆነ ፔሌት በ1 ሚሊግራም መለየት የሚያስገኘው የለም። በተጨማሪም የፍጥነት ልዩነት ምትን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይዘረጋል። ኢላማው ላይ የሚታየው መበታተን ክብ ከሆነ፣ ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ይህች ነጥብ ብቻዋን ብዙ ጊዜ ታተርፋለች።

የራስ ስፋት

ጣሳው ላይ 4.49፣ 4.50፣ 4.51 ተብሎ የሚታተመው ቁጥር የራሱ ስፋት ነው። ይህን በካሊፐር መለካት አይቻልም። ተራ ዲጂታል ካሊፐር 0.01 ሚሜ ያሳይ እንጂ ስህተቱ ወደ 0.02 ሚሜ ነው፤ መንጋጋውም እርሳሱን ይጨፈልቀዋል። በማይክሮሜትር የሚለካ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲለካ ሌላ ቁጥር የሚያገኘው የመጀመሪያው ልኬት ፔሌቱን ስለቀየረው ነው።

የቀዳዳ ሳህኑ ይሻላል። ፔሌቱ በወረንጦ ቀሚሱ ተይዞ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል፤ አይገፋም። በራሱ ክብደት የገባበት የመጀመሪያ ቀዳዳ ስፋቱ ነው። ከፊል ገብቶ አንድ ጎን ላይ የሚቆም ከሆነ ራሱ ክብ አይደለም፤ 90 ዲግሪ ዞሮ እንደገና ይሞከራል።

ሌላው መንገድ መስታወቱ ነው። ምንም የማያስወጣ፣ ግን እጅግ ስሜታዊ። የቀሚሱ ጠርዝ ከራሱ ስለሚሰፋ ፔሌት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲንከባለል ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ራሱ በኩል ይዞራል። የሚዞርበት ክብ ራዲየስ በሁለቱ ስፋቶች ልዩነት ይወሰናል። ራሱ 4.50፣ ቀሚሱ 4.75፣ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሜ ቢሆን ራዲየሱ 95 ሚሜ ነው። ራሱ 4.49 ቢሆን ወደ 91 ሚሜ ይወርዳል። የ0.01 ሚሜ ልዩነት ወደ 4 ሚሜ ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩ፦ መስታወቱ በጎንዮሽ በውሃ ልክ ይስተካከላል፣ ከፊትና ከኋላ ግን አንዱ ጠርዝ 15 ሚሜ ከፍ ይላል። ሚሊሜትር ወረቀት ከሥሩ ይነጠፋል። ፔሌቱ ከላይ፣ ራሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ሆኖ፣ ከማስመሪያ ጀርባ ይቀመጣል፤ ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ ይለቀቃል። ከመነሻው 80 ሚሜ ዝቅ ብሎ አግድም አሞሌ ይቀመጥና ፔሌቱ አሞሌውን የነካበት ቦታ ይነበባል። ከላይ ባለው ምሳሌ የ4.50ው ወደ 44 ሚሜ፣ የ4.49ኙ ወደ 47 ሚሜ ላይ ያርፋል።

መስታወቱ የማይነግረው ነገር አለ። ራሱ በ0.01 ቢጠብና ቀሚሱ በ0.01 ቢሰፋ ሁለቱም ፔሌቱን በተመሳሳይ መንገድ ያዞሩታል፤ የትኛው እንደሆነ ሳህኑ ላይ ካልታየ አይታወቅም። ቀሚሱ የተሰረጎደ ፔሌት ግን ወዲያው ይታወቃል፤ እየተንገጫገጨ ይሄዳል ወይም መንገድ ላይ ይቆማል።

ራስ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? የሚቀጥለው ክፍል መልሱ ነው።

ከመሐል የወጣ ክብደት

ይህ የሥራው እምብርት ነው።

በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ፔሌቱን ያሽከረክሩታል። ብዙ የ4.5 ሚሜ በርሜሎች በ450 ሚሜ አንድ ዙር ይዞራሉ፤ በ172 ሜትር በሰከንድ ይህ በሰከንድ ወደ 380 ዙር ነው። በርሜሉ ውስጥ ሳለ ፔሌቱ የሚዞረው በበርሜሉ መሐል መስመር ላይ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከዚያ መስመር ትንሽ ከወጣ፣ ማዕከሉ በመስመሩ ዙሪያ ትንሽ ክብ እየሠራ ይጓዛል። ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለ በዚያች ቅጽበት ወደነበረበት አቅጣጫ ወደ ጎን ይወረወራል።

የውርወራው መጠን ቀላል ስሌት ነው። ከመሐል የወጣው ርቀት በ6.28 ይባዛል፣ በ450 ይካፈላል፤ የሚወጣው ማዕዘን በኢላማው ርቀት ሲባዛ የሳተውን ያህል ይሰጣል። ፍጥነት ውስጡ የለም፤ ፈጥኖም ዘግይቶም ቢወጣ ማዕዘኑ አንድ ነው። የክብደቱ ማዕከል በ0.01 ሚሜ ቢወጣ፣ 10 ሜትር ላይ 1.4 ሚሜ ይስታል። ይህ ከ0.5 ነጥብ በላይ ነው። ከላይ ካለው የ5 ሚሊግራም ስህተት ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ። አቅጣጫው ደግሞ ፔሌቱ ሲጎረስ ከባዱ ጎን ወዴት እንደነበረ ስለሚወሰን፣ በዘፈቀደ ሲጎረስ ምቶቹ በሁሉም አቅጣጫ በክብ ይበተናሉ። በሞርሳ የታሰረ ጠመንጃ ላይ የምናየው ቅርጽ ይኸው ነው።

0.01 ሚሜ ከየት ይመጣል? ከሦስት ቦታ አስልተናል።

አንደኛ፣ መውጊያው ከሸሸ። የቀሚሱ ጉድጓድ አፉ 3.5 ሚሜ፣ ጥልቀቱ 2.5 ሚሜ የሆነ ሾጣጣ ቢሆን 8 ኪዩቢክ ሚሜ ባዶ ቦታ ነው፤ በእርሳስ ቢሞላ 91 ሚሊግራም ይሆን ነበር። ይህ ጉድጓድ በ0.05 ሚሜ ወደ ጎን ቢሸሽ የፔሌቱ የክብደት ማዕከል በ0.0086 ሚሜ ወደ ሌላው ጎን ይሸሻል። 10 ሜትር ላይ 1.2 ሚሜ። ሚዛኑ ይህን ፔሌት ፍጹም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ክብደቱ አልተነካም። የራስ መለኪያ ሳህኑም ያሳልፈዋል። ሊይዘው የሚችለው ዓይን ብቻ ነው፦ የ0.05 ሚሜ ሽሽት ማለት የቀሚሱ ግድግዳ በአንድ ጎን ከሌላው በ0.1 ሚሜ ይወፍራል ማለት ነውና በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ መብራቱ ከጎን ሲመጣ፣ ይታያል።

ሁለተኛ፣ እርሳሱ ውስጥ የገባ ክፍተት ወይም ቆሻሻ። ከመሐል 1.5 ሚሜ ርቆ 0.2 ኪዩቢክ ሚሜ የሚያህል ባዶ ቦታ ካለ 2.3 ሚሊግራም ይጎድላል፤ ማዕከሉም በ0.0065 ሚሜ ይሸሻል፤ 0.9 ሚሜ ይስታል። ሚዛን የሚጠቅመው እዚህ ነው። ከጉብታው ርቆ የተቀመጠ ቀላል ፔሌት የሚጣለው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የጎደለው እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጎን ስለሚጎድል ነው። ክብደት የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ስለዚህ ዳር ያሉትን መጣል ይበቃል፤ መሐል ያሉትን በየ1 ሚሊግራም በአሥር ትሪ መደርደር የሚያሻሽለው ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ራሱ ለበርሜሉ ከጠበበ። ራሱ በ0.02 ሚሜ ልል ከሆነ በርሜሉ ውስጥ በ0.01 ሚሜ ወደ ጎን መተኛት ይችላል። የክብደቱ ማዕከል ለራሱ ስለሚቀርብ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ይወስዳል። ስለዚህ ፔሌቱ ራሱ ፍጹም ሆኖ ለበርሜሉ ስለጠበበ ብቻ እስከ 1 ሚሜና ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። የራስ ስፋት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው። ከመጠን በላይ የሰፋ ራስ ደግሞ ሲገባ ይላጫል፤ አንድ ጎን አብልጦ ከተላጨ እንደገና ያው ነገር። «ትክክለኛው ስፋት 4.50 ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ለዚያ በርሜል የሚሆነው ስፋት ተኩሶ ይገኛል።

ቀሚስ

በአጉሊ መነጽር ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ ከላይ የተባለው የግድግዳ ውፍረት ልዩነት፣ የተሰረጎደ ጠርዝ፣ ከጠርዙ የተንጠለጠለ ትርፍ እርሳስ። ትርፍ እርሳስ ያለበት ይጣላል፤ በቢላ የሚቆረጥ ነገር አዲስ ጉድለት ይጨምራል። በትንሹ የተሰረጎደ ጠርዝ ግን ቀሚሱ ውስጥ ክብ የብረት ኳስ ቀስ ብሎ በመጫን ሊመለስ ይችላል። በሞላ (ስፕሪንግ) በሚሠራ የአየር ጠመንጃ የሚመታው ግፊት ኃይለኛ ስለሆነ ቀሚሱን በርሜሉ ላይ ራሱ ያስተካክለዋል፤ በተጨመቀ አየር የሚሠራው የ10 ሜትር ጠመንጃ ግን ለስለስ ያለ ስለሆነ የተሰረጎደውን እንደተሰረጎደ ይልከዋል። ስለዚህ የሞላ ጠመንጃ ያለው ሰው ምክር ለ10 ሜትር ተኳሽ ሁልጊዜ አይሠራም።

ተኩስ

ሞርሳው የጠመንጃውን አካል ይይዛል፤ በርሜሉ ነፃ ይሁን። በርሜል ከተያዘ የመያዣው ግፊት ራሱ አቅጣጫ ይቀይራል። ጠረጴዛው ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ይታሰር። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት በአፈሙዝ በኩል አይታለፍም፤ ጉርሻው ሲካሄድም ጠመንጃው አይገፋም። የሞርሳው ብሎን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይላላል። ምቶቹ አንድ ላይ ሆነው ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነ ፔሌቱን ከመውቀስ በፊት ብሎኑ ይታይ።

አራት ትሪ ተዘጋጀ። ሀ፦ ከጉብታው መሐል የተወሰዱ፣ ራሳቸው አንድ ዓይነት፣ ቀሚሳቸው ንጹሕ። ለ፦ በክብደት ዳር የወጡ። ሐ፦ ቀሚሳቸው በአንድ ጎን የወፈረ፣ ክብደታቸው ግን ልክ። መ፦ ከጣሳ እንደመጡ። ትሪዎቹ በቁጥር ብቻ ተጻፈባቸው፤ የሚጎርሰው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ተኩሱም ሀ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለ አይደለም፤ ከየትሪው አንድ አንድ እየተፈራረቀ ነው። አለበለዚያ የክፍሉ ሙቀት፣ የበርሜሉ እርሳስና የአየር ጠርሙሱ ግፊት በአንድ ትሪ ላይ ይወድቃሉ።

ስለ ንባቡ። በጣም የራቁት የሁለት ምቶች ርቀት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ ነው፤ ግን ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ከሁለት ምት በቀር ሌላውን ሁሉ ይጥላል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ፔሌት ሆኖ የአምስት ምት ስብስብ ስፋት በዕድል ብቻ ወደ ሩብ ያህል ይዋልላል። ጥሩ ባለ አምስት ምት ስብስብ አግኝቶ ጣሳውን ማወደስ ዋጋ የለውም። የሚሻለው የሁሉንም ምቶች መሐል አስልቶ ከዚያ መሐል የእያንዳንዱን ርቀት አማካይ መውሰድ ነው። ይህ ሁሉንም ምት ይጠቀማል፤ በ0.25 ሚሜ ሲካፈልም በቀጥታ ወደ አሥረኛ ነጥብ (0.1) ይለወጣል።

ውጤቱ፦ በሁለቱ የውድድር ፔሌቶች ሀ እና መ መካከል ያለው ልዩነት ከመዋለሉ በላይ አልወጣም። ፋብሪካው አስቀድሞ የለየውን እንደገና መለየት ትርፍ የለውም። በርካሹ ጣሳ ግን ሐ ከሁሉም በላይ ተበተነ፤ ክብ ሆኖ፣ በሁሉም አቅጣጫ። ለ ከሐ ያነሰ ተበታተነ፣ ግን ጥቂት ምቶች ለብቻቸው ርቀው ወጡ። ሀ ከመ በግልጽ ተሻለ፤ ሆኖም ከተለየ በኋላም የውድድር ፔሌቱ ላይ አልደረሰም።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ በሐ ላይ ተደረገ። የወፈረው ጎን በቀጭን ማርከር ነጥብ ተደረገበትና ሁሉም ነጥቡ ወደ ላይ ሆኖ ተጎረሰ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ምቶቹ በክብ መበተን ትተው ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ አለባቸው። ተሰበሰቡም፤ ከሀ መሐል ሸሽተው፣ ከበፊቱ ግን በጣም ጠበው። ለውድድር የሚሆን ዘዴ አይደለም፤ ምክንያቱ ከመሐል የወጣው ክብደት መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

50 ሜትር ላይ የሚቀየረው

በ240 ሜትር በሰከንድ የሚወጣ 0.547 ግራም ፔሌት 50 ሜትር ላይ ወደ 26 ሴ.ሜ ይወርዳል። የ0.01 ሚሜ የማዕከል ሽሽት 7 ሚሜ ይሆናል፤ ርቀቱ አምስት እጥፍ ስለሆነ ስህተቱም አምስት እጥፍ። የ5 ሚሊግራም ልዩነት ግን ከ0.17 ሚሜ ወደ 2.4 ሚሜ ይዘላል፤ ውድቀት በርቀት ካሬ ስለሚያድግ። ስለዚህ ሩቅ የሚተኩስ ሰው ክብደትን ከ10 ሜትር ተኳሽ የበለጠ ቢያስብ ትክክል ነው፤ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አልተገለበጠም። ንፋስ ደግሞ ሌላ ነው። 2 ሜትር በሰከንድ የሆነ የጎን ንፋስ ይህን ፔሌት ከ4 ሴ.ሜ በላይ ይገፋዋል፤ ቀሚሱ የተጎዳ ፔሌት አየሩ ቶሎ ስለሚያዘገየው የበለጠ ይገፋል። ከቤት ውጭ በንፋስ የሚደረግ የፔሌት ፍተሻ ምንም አይለይም።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው

ቅደም ተከተሉ በዚህ ሥራ መሠረት ተቀይሯል። መጀመሪያ ሎት ይፈተሻል፦ ከየሎቱ ትንሽ ናሙና፣ በሞርሳ፣ እየተፈራረቀ። ትልልቆቹ የፔሌት አምራቾች ተኳሹ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ሎት የሚመርጥበት የ10 ሜትር መፈተሻ ያላቸው ለዚህ ነው። የተሻለው ሎት ሲገኝ ለወቅቱ የሚበቃ ጣሳ ከዚያው ሎት ይገዛል። ከዚያ ቀሚስ በዓይን ይታያል፣ መስታወት ላይ ይንከባለላል፣ ሚዛን የመጨረሻው ነው፤ እሱም ዳር ያሉትን ለመጣል ብቻ። ለልምምድ ከርካሹ ጣሳ የተጣሉት አይጠፉም፤ የጠመንጃውን ዜሮ (የማነጣጠሪያውን ልክ) ለማይጠይቅ ልምምድ፣ ለምሳሌ ለምላጭ አሳሳብ፣ ይውላሉ።

የተለዩት በስፖንጅ ትሪ፣ ቀሚሳቸው ወደ ታች፣ ክዳን ተደርጎ፣ እርጥበት በሌለበት ይቀመጣሉ። ትሪው ላይ የሎት ቁጥር፣ የራስ ስፋት፣ የታጠበበት ቀንና የቅባቱ ዓይነት ይጻፋል። የሚቀጥለው ፍተሻ የእነዚሁ ሎቶች ራስ 4.49 እና 4.50 በዚሁ በርሜል ላይ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ሎት ስላልተገኙ ለጊዜው ቆሟል።